የካሴት ክር በ36 ሜጋባይት

ትናንት መቻራ መብራት ሳይጠፋ አመሸ። አጋጣሚውን ልጠቀም ብዬ ስልኬን በገመድ ከአምፕሊፋየሩ ጋር አገናኘሁና የዓሊ ቢራን አንድ ዘፈን ሁለቴ ከፈትኩ። መጀመሪያ በተለመደው ጥራት፣ ቀጥሎ «ሎስለስ» በሚሉት፣ ማለትም ከቅጂው ምንም ሳይቀነስ።

አፕል ሙዚክ ይህን እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ያለ ጭማሪ ክፍያ ይሰጣል፤ እስከ 24 ቢት በ192 ኪሎኸርዝ። ታይዳልም እዚያው ነው። ስፖቲፋይ በ2025 ዘግይቶ ገባና 44.1 ላይ ቆመ። የቁጥሩ ልዩነት ሰፊ ነው፤ ለእኔ ጆሮ ግን በሦስቱ መካከል ልዩነት የለም።

ልዩነቱ ፓኬጅ ላይ ነው! በአፕል ስሌት የሦስት ደቂቃ ዘፈን ከ6 ሜጋባይት ወደ 36 ይዘላል፤ ከፍተኛው ጥራት 145 ይበላል። (በብሉቱዝ የምትሰሙ አትልፉ፣ እሱ ራሱ መልሶ ይጨምቀዋል።)

አንድ ነገር ግን ጥርት ብሎ ተሰማኝ፦ ከኡዱ ጀርባ ዘፈኑ የተቀዳበት ካሴት ክር ሲዞር «ሽሽሽ» የሚለው። ለካ ሎስለስ ያልነበረውን አይጨምርም፤ ጉድፉንም ሳይቀር በታማኝነት ያመጣል።

እናቴ ከጓዳ ብቅ አለችና፣ «ያ ቴፓችን ተሠራ እንዴ?»