ሳይነገረው የቀረ ወራሽ

በመስቃን ምድር፤ በቡታጅራ ከተማ፤ አንድ አባወራ ቤቱንና ሦስት ልጆቹን ትቶ ዐረፈ። በኑዛዜው የውርስ አጣሪ ያደረገው በሰው ዘንድ የታመነ ሽማግሌ ጎረቤቱን ነበር። ሁለቱ ልጆች በዚያው ይኖራሉ፤ ታናሹ ግን እንደ ብዙ የጉራጌ ልጅ በአዲስ አበባ ነጋዴ ነውና ከቀብሩ በኋላ ወደ ሥራው ተመለሰ።

በ1952 ዓመተ ምሕረት የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ኑዛዜ በ40ኛው ቀን እንዲከፈት ያዝዛል። ቀኑ የተዝካር ቀን ነውና ለሚያስታውቅ ሰው ከዚህ የሚመች የለም። ሁለቱ ወንድማማች ግን፤ «እርሱ በመስቀል ሲመጣ ይሰማዋል» አሉ። ሽማግሌው ጠብን ፈርቶ ዝም አለ፤ ፈሪ ዝምታም በአገራችን ብዙ ጊዜ ትዕግሥት ይባላል።

ለመስቀል የመጣው ልጅ የያዘው ቁልፍ የአባቱን ቤት አልከፍትለት አለ። ወደ ሽማግሌው ሄዶ፤ «አባባ፤ የተዝካሩን ገንዘብ ስልክ ስልኬ ይሠራ ነበር፤ ኑዛዜው ሲከፈት ምን ነካው?» አለው።

ሕጉ ለመቃወም የሚሰጠው ጊዜ 15 ቀን ነው፤ ሲከፈት ላልነበረ ወራሽ ግን የሚቆጠረው አጣሪው ካስታወቀው ጀምሮ ነው። ስለዚህ መደበቁ ለወንድሞቹም አልበጀም።

ሽማግሌው መልስ አላገኘም። ወረቀቱን ከሣጥኑ አውጥቶ፤ ሁለቱን ወንድሞች አስጠርቶ፤ ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ አነበበለት። ሲጨርስም፤ «ልጄ፤ ቀንህን ከዛሬ ቍጠር» አለው።