ሜኮንን በጆሮ ብቻ

አንድ ኮሚክ (በተከታታይ ሥዕል የሚነገር ታሪክ) ወደ ድምፅ ድራማ ሲሻገር መጀመሪያ የሚነጠቀው የተወደደበትን ሥዕል ነው። ታዲያ ምን ይተርፈዋል? ለዚህ ጥያቄ ከዳን ዴር የተሻለ መፈተኛ አላውቅም።

ዳን ዴር እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 14 ቀን 1950 እንግሊዝ አገር ውስጥ «ኢግል» ከተባለው የልጆች ሳምንታዊ መጽሔት የመጀመሪያ እትም ጋር አብሮ የተወለደ የጠፈር አብራሪ ነው። የመጽሔቱ መሥራች ማርከስ ሞሪስ የአንግሊካን ቄስ ነበሩ፤ ዳን ዴርን የፈጠረው ሠዓሊ ደግሞ ፍራንክ ሃምፕሰን። በመጀመሪያው ጀብዱ ምድር ላይ ምግብ አልበቃ ብሏል፤ ኮሎኔል ዳን ዴር፣ ረዳቱ ዲግቢና ጓደኞቻቸው መፍትሔ ፍለጋ ወደ ቬነስ ይጓዛሉ። ይህን ያነብ የነበረው ልጅ ከረሜላውን እንኳ በራሽን ኩፖን የሚገዛ እንደነበር ሳስብ፣ ታሪኩ ለምን እንዲያ ልቡ ውስጥ እንደገባ ይገባኛል።

የሃምፕሰን ሥዕል ብዙ የተለፋበት ነው። የመንኮራኩሮቹን ሞዴል ያሠራል፤ ባልደረቦቹን ልብስ አልብሶ፣ መብራት አስተካክሎ ፎቶ ያነሣቸዋል፤ ከዚያ ይሥላል። የጠፈር ጦሩ አዛዥ ሰር ሂዩበርት መልኩን ያገኘው ከሃምፕሰን አባት ነው። እንዲህ ያለውን ገጽ ትቶ በድምፅ ብቻ ልሥራው ማለት ድፍረት ይጠይቃል።

ብዙዎች የሚመርጡት ቀላሉ መንገድ ሰዎቹ የሚያዩትን እንዲናገሩ ማድረግ ነው። «ተመልከት ዲግቢ! በስተግራችን አንድ አረንጓዴ ፍጡር በአየር ላይ እየተንሳፈፈ ይመጣል!» አጠገቡ ያለው ዲግቢም ያንኑ እያየ ነው፤ የሚነገረው ምክንያት የለም። ሞት ፊቱ የተደቀነበት ሰው እንዲህ አያወራም። ስም ይጠራል፣ ትንፋሹ ይቆራረጣል፣ ወይም ዝም ይላል። የቀረውን አድማጩ ራሱ ይሥለዋል።

እኛ በዚህ በኩል ጆሯችን የሠለጠነ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ የሰማ ሰው ጉዱ ካሣን በመልክ የሚያውቀው ይመስለዋል። ግን ሐዲስ ዓለማየሁ ቃሉን ሁሉ ጽፈው አስቀምጠዋል፤ ተራኪው ነፍስ ዘራበት። ኮሚክ ላይ ግማሹ ታሪክ ያለ ቃል ነው የተነገረው። ስለዚህ አዘጋጁ እንደ አዲስ መድረስ ግድ ይሆንበታል።

ራዲዮ ሉክሰምበርግ እ.ኤ.አ. ከ1951 እስከ 1956 ዳን ዴርን በሳምንት አምስት ምሽት፣ በየምሽቱ 15 ደቂቃ ያስተላልፍ ነበር፤ መሪ ተዋናዩ ኖኤል ጆንሰን ነው። ያኔ ልጁ እጅ ላይ «ኢግል» አለ፤ ለሚሰማው ድምፅ የሚያለብሰው መልክ አያጣም። እ.ኤ.አ. በ2016 ቢ7 ሚዲያ የተባለው አዘጋጅ ተዋናይ ኤድ ስቶፓርድን ዳን ዴር አድርጎ «ጉዞ ወደ ቬነስ»ን በድምፅ ድራማ ሲያወጣ ግን ይህ ድጋፍ የለም። በዚያ ላይ ሃምፕሰን ከአንድ ዓመት በላይ በየሳምንቱ ሁለት ሁለት ገጽ ያወረደው ጀብዱ አንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ መግባት አለበት።

ዋናው ፈተና ሜኮን ነው። ትሪኖች የተባሉት የቬነስ አረንጓዴ ፍጡራን ገዥ፤ ራሱ ግዙፍ፣ ገላው የቀጨጨ፣ በሚንሳፈፍ መቀመጫ የሚዘዋወር። ሕዝቡ ስሜትን ጥሎ በሳይንስ ብቻ የሚተዳደር ነው። ሥዕሉ በቅርጹ ያስፈራል፤ ድምፅ ግን ቅርጽ የለውም። ድምፁን በማሽን አጎርንኖ ጭራቅ ማድረግ ቀላል ነው፤ እኔ ግን ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ። ሜኮን መጮኽ የለበትም። የሰውን ልጅ ዕጣ፣ የጎተራ እህል እንደሚቆጥር ጸሐፊ፣ በአንድ ቃና ሲናገር ነው ደም የሚያቀዘቅዘው። ደግሞ ይሄን አስቡት፦ በዚያ ዓለም ሌላው ሁሉ ሲራመድ ኮቴው ይሰማል፤ የሱ አይሰማም። ሳይታሰብ ከጆሯችሁ ሥር ይናገራል። መቀመጫው ገጹ ላይ የሚታይ ዕቃ ነበር፤ በድምፅ ግን ፍርሃቱ ራሱ ይሆናል።

ዝምታ ለሌላም ትዕይንት ይበጃል። በዚሁ ጀብዱ ኪንግፊሸር የተባለችው መንኮራኩር ወደ ቬነስ ስትቃረብ ትፈነዳለች። እኔ ብሆን ፍንዳታውን ጨርሶ አላሰማም። አብራሪው ቃሉን ሳይጨርስ ይቋረጥ፤ መስመሩ ይጩህ፤ ከምድር አንድ ሰው ስሟን ደጋግሞ ይጥራ።

ከሁሉ የምወደው ለውጥ ግን ፕሮፌሰር ጆስሊን ፒቦዲን የሚመለከተው ነው። ሥዕል ላይ ጥግ ይዛ ዝም ብትልም ትታያለች። በድምፅ ድራማ የማይናገር ሰው እንደሌለ ይቆጠራል፤ ስለዚህ አዘጋጁ ወዶም ይሁን ተገዶ ቃል ሊሰጣት ይገባል። ምግብ ተፈልጎ በተወጣ ጉዞ የዕፅዋትና የምግብ ዐዋቂዋ እሷ ናትና፣ ከዳን ዴር ይልቅ ብዙ የምትለው ያላት እሷ ነች።