በሰርኩላር የማይመጣ ፈቃደኝነት

ከባኮ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው አኖም ሆነ በሌሎቹ የወለጋ ከተሞች፣ የመጨረሻው ደወል ከተደወለ በኋላ ክፍል ውስጥ የሚቀር መምህር አይጠፋም። ትምህርቱ ለከበደው ተማሪ ደግሞ ያስረዳል፤ ለአዲስ ባልደረባው ዕቅድ አወጣጥ ያሳያል፤ የታመመ ጓደኛውን ክፍለ ጊዜ ይሸፍናል። ባያደርገው ከደመወዙ አይቆረጥበትም። ትምህርት ቤት የሚቆመው ግን በዚህ ነው።

ለውጥ ሲመጣ ይህ ፈቃደኝነት ምን ይሆናል? አንጋፋ መምህር ያላየው ለውጥ የለም፦ በ1990ዎቹ መጨረሻ ፕላዝማ፣ ከዚያ ቢፒአር፣ ቀጥሎ አንድ ለአምስት፣ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት። ሁሉም ከላይ የወረዱ ናቸው። አንድ ለአምስትን እንውሰድ። መምህራን ድሮም ይረዳዳሉ፤ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ነውና። መረዳዳቱ በቃለ ጉባኤና በፊርማ ሲታሰር ግን ቃለ ጉባኤው ቀረ፤ መረዳዳቱ ሳሳ።

በ2015 ዓ.ም. ከ12ኛ ክፍል ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። 1,328 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ማጠናከሪያ ትምህርት ያስፈልጋል፤ በዚህ ክርክር የለም። ነገር ግን ደመወዙ የሚዘገይበትን፣ ትምህርት ቤቱ በግጭት ተዘግቶ የከረመበትን መምህር «ቅዳሜም ግባ» ብሎ ማዘዝ የሚያስገኘው ፊርማ ነው። ልቡን አያመጣም።

ነቀምቴ የዚህን ሌላ ገጽ ታውቃለች። ኦነሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ በ1904 እ.ኤ.አ. ወደዚያ ገብተው በኦሮምኛ ሲያስተምሩ ተቃውሞ ገጥሟቸዋል። የጸኑት በሚሠሩት ስላመኑ ነው፤ ደግሞም የአገሩ ገዢ ኩምሳ ሞረዳ ከጎናቸው ስለቆሙ ነው። ፈቃደኝነት እምነት ይፈልጋል፤ ደጋፊም ይፈልጋል።

ስለዚህ ርዕሰ መምህሩም ሆነ የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት አዲስ ዕቅድ ከማውረዳቸው በፊት መምህሩን ሁለት ነገር ይጠይቁት፦ ይህ ሲጨመር ከሸክምህ ምን ይቀነስ? ካንተስ ልምድ የትኛው ይሻላል? መልሱን ሰምተው ቢያንስ አንዱን ይፈጽሙ። ሐሳቡ የተሰማለት መምህር ከደወሉ በኋላም ይቆያል። ያልተሰማው ግን ደወሉን ቆሞ ይጠብቃል።