ክንፉን እዩት

ቨርጂኒያ ውስጥ ትራውት የሚባለውን ዓሣ ስትይዙ፣ ወንዝ የወለደው መሆኑን ለማወቅ ከቀለሙ በፊት ክንፉን እዩት። የዓሣ ማራቢያ ጣቢያ ውስጥ ያደገ በሲሚንቶ ገንዳ ውስጥ ተጨናንቆ ስለሚኖር ብዙ ጊዜ የደረቱ ክንፍ ይጎብጣል፣ የጅራቱም ጫፍ ይሸራረፋል። በሸናንዶዋ ተራሮች ጅረት የተወለደው ብሩክ ትራውት ግን ሌላ ነው! የታችኞቹ ክንፎቹ ጠርዝ ጥርት ያለ ነጭ፣ ቀጥሎ ጥቁር፣ ከዚያ ብርቱካናማ። አንድም የተሸረፈ ቦታ የለውም።

ብቻ አትቸኩሉ፤ ጣት ሲያክል የተለቀቀ ዓሣ ወንዝ ውስጥ ካደገ ክንፉ አምሮ ያሳስታል። እኔ ይበልጥ የማምነው ዳር ዳሩን፣ ጥልቀት የሌለው ውሃ ውስጥ የሚሯሯጡትን ጫጩቶች ነው። እነሱ ካሉ ወንዙ ራሱ እየወለደ ነው ማለት ነው። ወንዙ የወለደውን ዓሣ እጄን አርሼ እይዘውና ቶሎ እመልሰዋለሁ። በጥቅምትና በኅዳር ጠጠሩ ውስጥ እንቁላል ስለሚጥሉ ያኔ ጅረቱን አልረግጥም።