ጠመንጃ ይዞ መንገድ፦ በአምቦ መስመርና በዌስት ቨርጂኒያ

ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር አንድ ወዳጅ አለኝ፤ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። በኅዳር፣ አሜሪካኖች የምስጋና በዓላቸውን በሚያከብሩበት ሳምንት፣ ሰኞ ጎሕ ሳይቀድ ዌስት ቨርጂኒያ ጫካ ውስጥ መገኘት አለበት። የወንድ አጋዘን አደን በጠመንጃ የሚከፈተው ያን ዕለት ነው። አገር ቤት ሳለ ከወንጭፍ ያለፈ መሣሪያ በእጁ ነክቶ የማያውቅ ሰው፣ ዛሬ ስለ ጥይት ዓይነት ሲያወራ ቡናው ይቀዘቅዛል።

እሑድ ማታ ዕቃ ሲጭን ማየት ደስ ይለኛል። መቀባበያውን ይስብና የጥይት ማረፊያውን በጣቱ ይዳስሳል፤ አላምን ብሎ በስልኩ መብራት ያያል። ካዝናውን ይነቅላል። ጠመንጃውን ስፖንጅ በተነጠፈበት ጠንካራ ሳጥን ውስጥ ያስተኛና በሁለት ቁልፍ ይከረችመዋል። ጥይቱ ለብቻው በሌላ ሳጥን ይገባል። መኪናው ራቭ ፎር ስለሆነች የኋላ ዕቃ መጫኛዋ ከተሳፋሪው ክፍል አልተለየም፤ ስለዚህ ሳጥኑ የግድ መቆለፍ አለበት። በ1986 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የወጣው የፌዴራል ሕግ፣ ሰው ጠመንጃውን ይዞ ከአንዱ ስቴት ወደ ሌላው ሲያልፍ የሚጠብቀው እነዚህን ካሟላ ነው፦ በተነሣበትም በሚደርስበትም ቦታ መያዝ የተፈቀደለት ይሁን፣ ጠመንጃው ጥይት ያልጎረሰ ይሁን፣ ጠመንጃውም ጥይቱም ከተሳፋሪው እጅ ይራቅ፣ መኪናው የተለየ ዕቃ መጫኛ ከሌለው ደግሞ በተቆለፈ ነገር ውስጥ ይግባ። የክሩስኮት መሳቢያ ቢቆለፍም አይቆጠርም።

መንገዱ ከሜሪላንድ ወደ ቨርጂኒያ፣ ከዚያ ወደ ዌስት ቨርጂኒያ ነው። ሜሪላንድ የጎረሰ ጠመንጃ በመኪና ውስጥ መያዝን ትከለክላለች። መሃል ላይ ያለችው ዋሽንግተን ዲሲ ደግሞ ጠመንጃ በፖሊስ ካልተመዘገበ አትወድም፤ ሳጥን ውስጥ ቆልፎ ለሚያልፍ ግን መንገድ ትሰጣለች። ወዳጄ ያም ሆኖ በቀለበት መንገዱ ይዞራል። አንድ ጊዜ "በከተማው ብንቆርጥ አያጥርም?" ብለው፣ "ማለፍ ይፈቀዳል፤ ጎራ ብሎ ክትፎ መብላት ግን ሌላ ጉዳይ ነው" አለኝ።

ይህን ሁሉ ሥርዓት አስቡትና እሱኑ በቡራዩ፣ በሆለታና በአዲስ ዓለም አድርጎ ወደ አምቦ ሲሄድ ገምቱት። ጠመንጃው በሳጥን ተቆልፏል፣ ሳጥኑ ከሻንጣ ሥር ነው፣ ጥይቱ ለብቻው ተቋጥሯል። የመጀመሪያው ኬላ ላይ ይታሰራል። በእኛ አገር ፖሊስ በየጊዜው የሚያወጣቸውን መግለጫዎች ያነበበ ሰው ያውቃል፤ በነዳጅ ቦቴ፣ በከሰልና በሽንኩርት ጭነት ውስጥ ተሸሽጎ ሲጓጓዝ የተያዘ መሣሪያ ዜና ከሆነ ስንት ዘመኑ። ለፈታሽ፣ መሸሸጉ ራሱ ማስረጃ ነው። ሕጋዊ ጠመንጃ በትከሻ ይታያል እንጂ ከሻንጣ ሥር ምን ያደርጋል?

እንዲህ ተገልብጦ የሚገኝ ልማድ ብዙ አላየሁም። አሜሪካ መንገድ ላይ ሕጉ የሚመረምረው ዕቃውን ነው፤ ጎርሷል ወይ፣ የት ተቀምጧል፣ ተቆልፏል ወይ። ባለቤቱን የሚመረምረው በዋናነት ከሱቅ ሲገዛ ነው። (ለአዲስ መጪዎች ልጨምር፦ ግሪን ካርድ ያለው መግዛት ይችላል፤ በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ ያለ ግን የአደን ፈቃድ እንዳለው ዓይነት በሕጉ የተዘረዘረ ምክንያት ከሌለው ጠመንጃ መንካት ወንጀል ይሆንበታል። አንድ ቀን ከጓደኛ ጋር ተኩስ ልሞክር ብሎ የመኖሪያ ጉዳዩን የሚያበላሽ እንዳይኖር።) በአምቦ መስመር ግን ጥያቄው አንድ ነው፤ የማን ነው? ሰውየው ከታወቀ፣ ወረቀቱን ከያዘ፣ የሚመሰክርለት ካለ፣ ጠመንጃው ራሱ እንዴት እንደተቀመጠ የሚጠይቅ የለም።

አባቴ ባረፈ ጊዜ ይህን በሩቁ ተማርኩ። ቤታችን ከጊንጪ በስተሰሜን፣ ድንችና ገብስ የሚበቅልበት ደጋ ነው። አባቴ ምንሽር ነበረው፤ አያቴ ያወረሰው። ከየት እንደመጣ ቤተሰቡ እስካሁን አልተስማማም፤ አንዱ ከጣሊያን የተማረከ ነው ይላል፣ ሌላው በከብት የተለወጠ ነው ይላል። ያ ዘመን ጠመንጃ ድንበር ማሳለፍ የመንግሥታት ጉዳይ የነበረበት ነው። ኢትዮጵያ በ1922 መሣሪያ በምን ሁኔታ እንደምታስገባ ከብሪታኒያ፣ ከፈረንሳይና ከጣሊያን ጋር ውል ፈርማ ነበር፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ጣሊያን ስትወርራት ያ ውል ምን ያህል እንደጠቀማት ታሪክ ያውቀዋል። ሰሌን አልጋ ሥር ተጠቅልሎ የኖረው ምንሽር ግን ሦስት መንግሥት አሳልፎ እኔ ዘንድ በስልክ ደረሰ።

"ልጄ፣ ቤቱስ ይሁን፤ ይሄን ብረት ምን እናድርገው?" አለኝ አጎቴ።

አዲስ አበባ ያለው የአጎቴ ልጅ መፍትሔ ነበረው። ድንች ጭኖ የሚመጣ አይሱዙ አለ፤ ፍራሽ ውስጥ ጠቅልሎ ማስመጣት ነው፣ ከተማ ውስጥ ቤቱ ይቀመጣል። አጎቴ ሲሰማ ተቆጣ። "የወንድሜን ጠመንጃ እንደ ሌባ ዕቃ ፍራሽ ውስጥ?" እኔ ደግሞ የታየኝ ሕጉ ነው። በ2012 የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ፣ ቁጥር 1177፣ ያለ ፈቃድ መያዝም ማዘዋወርም ከልክሏል፤ ቁጥጥሩንም ለፌዴራል ፖሊስ ሰጥቷል። ፈቃዱ በሰውየው ስም ነው። ሰውየው ሲሞት ልጁ ቤቱን ይወርሳል እንጂ ፈቃዱን አይወርስም። ከኦሮሚያ ተነሥቶ አዲስ አበባ መግባት ደግሞ ራሱን የቻለ መዘዝ አለው። በጥቅምት 2014 የከተማው አስተዳደር ነዋሪዎች በእጃቸው ያለውን መሣሪያ በሁለት ቀን ውስጥ እንዲያስመዘግቡ ያዘዘ ጊዜ፣ የአያታቸውን ጠመንጃ ከቁም ሣጥን አውጥተው ምን እንደሚያደርጉት የጨነቃቸው ሰዎች ስልክ እየደወሉ ዲያስፖራውን ሲያማክሩ ትዝ ይለኛል። እኛ ምን እናውቃለን!

በመጨረሻ የአጎቴ መንገድ ተያዘ፤ ጊንጪ ወርዶ ለፖሊስ ማስረከብ፣ ከዚያ የአጎቴ የበኩር ልጅ በራሱ ስም ፈቃድ እንዲጠይቅ። ርቀቱ ብዙ አይደለም፤ ዝግጅቱ ግን ሰርግ አህሏል። የቀበሌው ሊቀመንበር የጠመንጃውን ቁጥር የጠቀሰ ደብዳቤ ጻፈ፣ ማኅተም አረፈበት። ሁለት ሽማግሌዎች "የሟቹ መሆኑን እናውቃለን" ብለው ፈረሙ። የቀበሌው ሚሊሻ አብሮ እንዲሄድ ተለመነ። ተሳፋሪ በሞላ አባዱላ ተሳፈሩ፤ ሚሊሻው ከሾፌሩ ጎን፣ አጎቴ ከኋላው፣ ምንሽሩ በአጎቴ ጉልበቶች መካከል አፈሙዙ ወደ ጣራ ቆሞ። አልተጠቀለለም። ጋቢ እንኳ አልለበሰም።

ጊንጪ መግቢያ ላይ እንደተለመደው ውረዱ ተባለ፤ ወንዶች በአንድ ረድፍ፣ መታወቂያ በእጅ። ሚሊሻው መኪናው ገና ሳይቆም በመስኮት አንገቱን አውጥቶ "ኦቦ፣ ብረት ይዘናል!" ብሎ ጮኸ። ትክክለኛው ዘዴ ይኸው ነው፤ ፈታሹ ከማግኘቱ በፊት አንተ መናገር። "የማን ነው?" "የሟች ወንድሜ።" "ወዴት?" "ለመንግሥት ላስረክብ።" ፈታሹ ደብዳቤውን አንብቦ፣ ከብረቱ ላይ ቁጥሩን በጥፍሩ ዝገት እየፋቀ አመሳከረ። ለአጎቴ ነፍስ ይማር አለው። አለቀ።

ይህን ሁሉ አጎቴ በስልክ ሲተርክልኝ አንድ ነገር አሳሰበኝ። "ጥይትስ ነበረበት?" አልኩት። ሳቀ። "ያለ ጥይት ምኑን ጠመንጃ ሆነ!"

እዚህ ላይ ከወዳጄ ሳጥን ጋር ነኝ። ጎድጓዳ መንገድ ላይ፣ ሕፃን በታቀፉ እናቶች መካከል፣ ዕድሜው ከአያቴ የሚስተካከል ቃታ ያለው የጎረሰ ጠመንጃ በጉልበት መካከል ቆሞ ሄደ። ሊቀመንበሩ፣ ሽማግሌዎቹ፣ ሚሊሻው፣ ፈታሹ፣ ከሁሉም አንድ ሰው "እስቲ አራግፈው" አላለም። ለሰውየው አራት ምስክር ቆሞለታል፤ ለተሳፋሪው የቆመ የለም። ኬላ ላይ ካሉት ጥያቄዎች አንዷን ቀይሮ መቀባበያውን ማስከፈት ደቂቃ አይፈጅም፤ ሥልጠናም ብዙ አይጠይቅም።

ግን አጎቴን ለመውቀስ እዚህ ተቀምጦ መጻፍ ቀላል ነው። ምዕራብ ሸዋ እንደ ድሮው አይደለም። የመንግሥት ኃይሎችና የኦሮሞ ነፃነት ሠራዊት፣ መንግሥት ሸኔ የሚለው፣ ፓርላማው በ2013 በአሸባሪነት የፈረጀው ማለት ነው፣ በገጠሩ ሲዋጉ ዓመታት ተቆጥረዋል። ሰው ከመኪና ወርዶ ይታገታል፣ በማምሻ የሚነዳ ሾፌር የለም። በዚህ መካከል ጠመንጃ የያዘ ሰው ፈቃዱ ደህና ቢሆንም ለአንዱ ተጠርጣሪ፣ ለሌላው ደግሞ የሚቀማ ዕቃ ተሸካሚ ነው። በሳጥን የተቆለፈ ጠመንጃ ደግሞ ጫካ ለሚጠብቅህ ሰው ስጦታ ነው፤ አጎቴ ያለኝ ይህን ነው፣ ሙግት አልነበረኝም። አባቴ ከሞተ በኋላ ምንሽሩን ቤት አስቀምጦ ማደር ያስፈራቸውም ለዚሁ ነው።

አሜሪካም ቢሆን "የማን ነው?" የሚለው ጥያቄ ጠፍቶ አይምሰላችሁ። ከሸዋና ከወለጋ የሄደ ብዙ ዘመድ ያለን ሚኒሶታ ውስጥ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሐምሌ 2016 ፊላንዶ ካስቲል የተባለ ጥቁር ሰው በፖሊስ እንዲቆም ተደረገ። የመሣሪያ ፈቃድ ነበረው። ሕግ እንደሚያከብር ሰው መሣሪያ እንደያዘ ለፖሊሱ በትሕትና ተናገረ፤ ፖሊሱ ተኩሶ ገደለው። በቀጣዩ ዓመት ፖሊሱ በፍርድ ቤት ነፃ ወጣ። ሚሊሻው በመስኮት ጮኾ ያዳነውን ነገር፣ ያ ሰው ዝግ ብሎ ተናግሮ ሞተበት። ወዳጄ ሳጥኑን በሁለት ቁልፍ የሚከረችመው ለሕጉ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ "እጄ ከጠመንጃው ሲርቅ ለእኔ ነው የሚሻለኝ" ይላል። በአሜሪካ የሱን ስም የሚጠራ ሊቀመንበር፣ ነፍስ ይማር የሚለው ፈታሽ የለም። ሳጥኑ ነው ዋሱ።

እኔ በበኩሌ ኢንተርናሽናል ድራይቭ ላይ ካለው ኤምባሲያችን ወረፋ ይዤ ለአጎቴ የበኩር ልጅ ውክልና ሰጥቻለሁ፤ ለቤቱና ለይዞታው። የውል ጸሐፊው ረቂቁን ሲያዘጋጅ "ሌላ የሚጨመር ንብረት አለ?" ቢለኝ ምንሽሩን ጠቀስኩ፤ መነጽሩን ዝቅ አድርጎ አየኝና "እሱ በውክልና አይሆንም፣ ያዡ ራሱ ቀርቦ ይጠይቅ" አለኝ። የአጎቴ ልጅ ቀርቦ ጠይቋል። የነዋሪነት ማስረጃ አምጣ ተብሏል፣ አምጥቷል፤ የሽማግሌ ምስክር ድገም ተብሏል፣ አንዱ ሽማግሌ ታሞ አምቦ ሆስፒታል ስለተኛ እየተጠበቀ ነው። ባለፈው ሳምንት ስደውል የአጎቴ ሚስት ስልኩን ተቀብላ ስለ ፈቃዱም ስለ ሽማግሌውም አላነሣችልኝም። ዝንጀሮው የተኩስ ድምፅ እንደቀረ ገብቶት ድንቹን በጠራራ ፀሐይ እየቆፈረ ነው፤ ለውሻ የሚሆን ገንዘብ ላክ አለችኝ።