የቀለለው አረር

የባለቤቴ አባት ጠመንጃቸውን ከግድግዳው ካወረዱ ሁለት ጥቅምት አልፎ ነበር። ቀኝ ትከሻቸው በቀዶ ጥገና ተከፍቶ ብረት ከገባለት ወዲህ፣ በምዕራብ ሞንታና፣ በቢተርሩት ሸለቆ ባለው ቤታቸው ውስጥ «አደን» የሚለውን ቃል የሚያነሣ ጠፋ። ሐኪሙ ትከሻው እንደ ዳነ፣ የዚያን ጠመንጃ ርግጫ ግን እንደማይችል ነግሯቸዋል። እሳቸውም ሰምተው ዝም አሉ። ዝምታ ለእሳቸው አዲስ ነገር አይደለም። ዕድሜያቸውን በእንጨት መሰንጠቂያ ጩኸት ውስጥ ያሳለፉ ሰው ናቸውና ቃል መቆጠብን ምናልባት የለመዱት ከዚያ ይሆናል። ልጃቸውን ካገባሁ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ፤ በእነዚህ ዓመታት የተለዋወጥነው ቃል ቢለቀም አንድ ገጽ ይሞላ እንደሆነ እጠራጠራለሁ። እንግሊዝኛ አንቱታ የሌለው ቋንቋ ነው። እኔ ግን በስማቸው እየጠራኋቸው በልቤ አንቱ እላቸዋለሁ። ይህንንም አያውቁም።

ጠመንጃው ማርሊን 1895 ይባላል። ቁጥሩ የመጀመሪያው ሞዴል የወጣበት ዓመት ነው፤ የእሳቸው ግን ፋብሪካው የቀድሞውን ስም መልሶ በ1972 ማውጣት ከጀመረው አዲሱ ወገን ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ከቃታው ዙሪያ ቀለበት መሰል ማንሻ አለው። ማንሻውን ወደ ታች ገፍተው ሲመልሱት ባዶው ቀለሃ ይዘልላል፤ ጠመንጃውም ከአፈሙዙ ሥር ካለው ቱቦ አዲስ ጥይት ይጎርሳል። በካውቦይ ፊልም ይህን ያላየ የለም። የእሳቸው ጠመንጃ የሚጎርሰው ጥይት ግን ከፊልሞቹ ገዘፍ ያለ፣ ከአውራ ጣት የሚረዝም ነው።

ጥይቱ «ፎርቲ ፋይቭ ሰቨንቲ» ይባላል። የአሜሪካ ጦር የተቀበለው በ1873 ነው። ስሙ ራሱ የወጥ አሠራር ይመስላል፤ አርባ አምስቱ የአረሩ ውፍረት በኢንች መቶኛ፣ ሰባው የባሩዱ ክብደት በግሬን። አረሩ ብቻውን 405 ግሬን፣ ወደ 26 ግራም ይመዝን ነበር። ግሬን ማለት የእህል ፍሬ ማለት ነው። ጥንት ሚዛን የተቆረጠው በገብስና በስንዴ ፍሬ ስለ ነበረ፣ እስከ ዛሬ ድረስ በአሜሪካ ባሩድና እርሳስ የሚመዘነው በእህል ስም ነው። ይህን ባወቅሁ ቀን መሳቅም መደንገጥም አማረኝ።

አያቴ በጎጃም ውጅግራ ነበራቸው። ውጅግራ የፈረንሳዮቹ የ1874 «ፉዚ ግራ» ነው፤ የአረሩም ክብደት 25 ግራም ነበር። እነዚህ ሁለት ጥይቶች በአንድ ዓመት ልዩነት የተወለዱ፣ በአንድ ግራም የሚበላለጡ ወንድማማቾች ናቸው ማለት ነው። አያቴ የተተኮሰ ቀለሃ ከሣር ውስጥ ለቅመው ያስቀምጡ እንደ ነበር፣ ባሩድና እርሳስ ሲገኝም መልሰው ይሞሉት እንደ ነበር አባቴ ይነግረኝ ነበር። እኔ ከመጽሐፍ ጋር ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ጠመንጃ ተኩሼ አላውቅም። ሆኖም የባለቤቴ አባት በመኪና ማቆሚያቸው ጥግ ያኖሩትን መጭመቂያና ሚዛን ባየሁ ቁጥር የዘመድ ዕቃ ያየሁ ያህል ይሰማኝ ነበር።

አንድ የታኅሣሥ ማታ ከመደርደሪያቸው ላይ የጥይት አሞላል መጽሐፋቸውን አውርጄ እንደ ልብ ወለድ አነበብሁት። በሰንጠረዥ የተሞላ፣ ቅጽል የሚባል ነገር የሌለበት፣ ስሕተትን የማይምር መጽሐፍ ነው። ይህን አንዱን ጥይት በጠመንጃው ጥንካሬ ልክ በሦስት ከፍሎ ይመድበዋል፤ ለጥንቱ የጦር መሣሪያ፣ ባለ ማንሻ ለሆነው፣ ለወፍራሞቹ አዳዲሶች። ከ405 በታችም 300 ግሬን የሚል መስመር አለ። ርግጫ እንግዲህ ሒሳብ ነው፤ ወደ ፊት የሚወጣው አረርና ባሩድ በክብደቱና በፍጥነቱ መጠን ጠመንጃውን ወደ ኋላ ይገፋዋል። አረሩ ከቀለለ፣ ባሩዱም አብሮ ከተቀነሰ፣ ምቱ ከግማሽ በታች ሊወርድ ይችላል። ኤልክ ለሚሉት ታላቅ አውሬ አይመከርም፤ ከጥዶቹ መካከል በሃምሳ ሜትር ብቅ ለምትል አጋዘን ግን ይበቃል።

ነገርኋቸው። «ያ የልጅ ጥይት ነው» አሉኝ።

ከሳምንት በኋላ ሌላ ነገር አንብቤ ተመለስሁ። በዚያው በጥንቱ ዘመን የፈረሰኛው ጠመንጃ አጭርና ቀላል ስለ ነበር፣ ርግጫውም ስለ በረታ፣ ጦሩ ራሱ የፈረሰኞቹን ባሩድ ከሰባ ወደ ሃምሳ አምስት ግሬን አውርዶላቸው ነበር። «ፈረሰኞቹም ልጆች ነበሩ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። መልስ አልሰጡኝም። በየካቲት መጨረሻ ግን ከሥራ ጠረጴዛቸው ላይ አንዲት አዲስ ካርቶን አየሁ፤ 300 ግሬን፣ መዳብ የለበሰ፣ አፍንጫው ጠፍጣፋ። አፍንጫው መጥፋቱ ያለ ምክንያት አይደለም። በቱቦው ውስጥ ጥይቶቹ ፊትና ኋላ ተሰልፈው ይተኛሉ፤ የኋለኛው ሹል ቢሆን የፊተኛውን እሳት ለኳሽ ቆብ ወግቶ በቱቦው ውስጥ ሊያፈነዳው ይችላል።

ቅዳሜ ቅዳሜ አብረን መሥራት ጀመርን። ያረጀውን ቆብ ማውጣት፣ በተኩስ የተነፋውን ቀለሃ በመጭመቂያው ወደ ልኩ መመለስ፣ አዲስ ቆብ መክተት፣ ባሩድ መስፈር፣ አረሩን ማስቀመጥ፣ በመጨረሻም የቀለሃውን ከንፈር በአረሩ ወገብ ዙሪያ ባለው ቀጭን መስመር ላይ ማጠፍ። ከንፈሩ ካልታጠፈ አረሩ በቱቦው ውስጥ በርግጫው እየተገፋ ወደ ቀለሃው ይሰምጣል። ይህን ሁሉ የተማርሁት በቃል ሳይሆን ጣታቸውን በማየት ነው።

ማንም ያልነገረኝ አንድ ነገር ነበረ። በከባዱ አሞላል ባሩዱ ቀለሃውን ሊሞላው ምንም አይቀረውም፤ ሰው ተሳስቶ ሁለቴ ቢጨምር ይፈስሳልና ስሕተቱ ራሱን ያጋልጣል። በቀላሉ አሞላል ግን ፈጣን የሆነው ባሩድ ከቀለሃው ግርጌ ጥቂት ሆኖ ይቀመጣል። ሁለቴ ቢጨመርም ቦታ አለው። ዝም ብሎ ይቀበላል። ያን ጥይት የጎረሰ ጠመንጃ ግን በተኳሹ ፊት ላይ ሊፈነዳ ይችላል። ስለዚህ አረሩ ከመቀመጡ በፊት እያንዳንዱ ቀለሃ በባትሪ ይታያል።

ሦስተኛው ቅዳሜ ነበር። ሃምሳ ቀለሃዎች በእንጨት መደባቸው ላይ ቆመዋል። እሳቸው ባሩድ ሲሰፍሩ በመካከል አንድ ጊዜ ቀና ብለው በመስኮቱ በረዶውን አዩ፤ ወዲያው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ባትሪውን ያነሣሁት እኔ ነኝ፤ ለመማር ያህል እንጂ እሳቸውን ለመቆጣጠር አልነበረም። ከአራተኛው ረድፍ ሦስተኛዋ ቀለሃ ውስጥ ባሩዱ ከጎረቤቶቹ ከፍ ብሎ ነበር።

«ይህቺን ይመልከቱ» አልሁ።

ረጅም ጊዜ አዩዋት። አንሥተው በሚዛኑ ላይ ገለበጧት፤ እጥፍ ነበረች። ከዚያም አንድ ቃል ሳይናገሩ ሃምሳውንም አንድ በአንድ ወደ ቆርቆሮው መለሱ። እጃቸው አልተንቀጠቀጠም። እኔ ግን በመኸሩ ባለቤቴ «አባዬ መኪናውን ያቆመበት ጠፍቶት ነበር» ስትለኝ «የሽምግልና ነገር ነው» ብዬ እንዳለፍኋት ትዝ አለኝ።

ቆርቆሮውን ከደኑና ባትሪውን ወደ እኔ ገፉት። «ከዛሬ ጀምሮ እኔ እሰፍራለሁ፣ አንተ ታያለህ» አሉኝ። ቀጥለውም፣ ፊታቸውን ወደ መጭመቂያው መልሰው፣ «ልጄ ከእኔ ትስማው» አሉ።

እኔም ዝም አልሁ። ባለቤቴን እያየሁ መዋሌ፣ ምን ሆንህ ስትለኝም ምንም ማለቴ፣ ከጥይቱ ሁሉ የከበደኝ እርሱ ነበር። እሳቸውን ለማክበር እሷን መደበቅ ተገቢ ይሁን አይሁን ዛሬም አልቆረጥሁም። አምስት ሳምንት ሙሉ እሳቸው ሰፈሩ፣ እኔ አየሁ። ሌላ እጥፍ አልተገኘም።

በሚያዝያ ከቤታቸው ጀርባ ባለው ሜዳ፣ ዳገቱን ተገን አድርገን፣ በሃምሳ ያርድ ርቀት ወረቀት ሰቀልን። ባለቤቴም መጣች። እኔ የተመለከትሁት ወረቀቱን አልነበረም፤ ትከሻቸውን ነው። ጠመንጃው ጮኸ፤ ትከሻው ትንሽ ወደ ኋላ ሄዶ ተመለሰ። ፊታቸው አልተለወጠም። አረሩ ካነጣጠሩበት አራት ጣት ዝቅ ብሎ አርፏል። «አረሩ ሳይወጣ ነው አፈሙዙ ቀና የሚለው» አሉ ለሁለታችን፣ «ርግጫው ሲቀንስ ቀና ማለቱም ይቀንሳል»። የኋላውን ማነጣጠሪያ አንድ ጥርስ ከፍ አድርገው አራት ጊዜ ደገሙ። አራቱም በአንድ ስኒ አፍ የሚከደኑ ነበሩ።

ማንሻውን ከፍተው ጠመንጃው ባዶ መሆኑን አዩ፤ በእንጨቱ ላይ አጋደሙት። ከዚያም ልጃቸውን በስሟ ጠርተው ወደ መኪናው ይዘዋት ሄዱ፤ በሩንም ከውስጥ ዘጉት። በመስተዋቱ በኩል እጇን እጃቸው ላይ ስታደርግ አየሁ።

እኔ ፊቴን መልሼ ቀለሃዎቹን ከእርጥቡ ሣር ውስጥ ለቀምሁ። አምስት ነበሩ፤ ገና አልቀዘቀዙም።