የአደራ ድመት

ትናንት ከመግሪብ በኋላ ግራጫዋን ድመት ለባለቤቶቿ አስረከብኳት። ስትሄድ 1 ኪሎ ከ40 ግራም ነበረች። ሐምሌ ላይ ስትመጣ ግን በሻይ ሳህን አድርጌ ኩሽና ሚዛን ላይ ሳስቀምጣት 210 ግራም ነበር ያሳየኝ፤ ዓይኗም ገና መገለጡ ነው። አልቅሰሽ ነበር ወይ ላላችሁኝ፦ አዎ፣ ሳህኗን ሳጥብ።

ነገሩ የተጀመረው ከሕንፃችን ጣሪያ ላይ ነው። የሪያድን ሐምሌ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ሙቀቱ 45 ዲግሪ ሲገባ ከቀዝቃዛው ቧንቧ የሚወርደው ውሃ እጅ ይለበልባል። የሕንፃው ጠባቂ፣ ሃሪሱ፣ ከውሃ ታንከሩ ጀርባ ሦስት ግልገል ድመቶች አግኝቶ በካርቶን ይዞልኝ መጣ። እናታቸውን አንድ ቀን ተኩል ጠብቋት አልተመለሰችም።

የመጀመሪያውን ስህተት እኔ ሠራሁ። ወተት ወተት ነው ብዬ ከበቃላ ሱቅ የላም ወተት ገዝቼ አጠጣኋቸው። ሆዳቸው ተበላሸ፤ ትንሹ በሦስተኛው ሌሊት እጄ ላይ ሞተ። በማግሥቱ የሥራ ባልደረባዬ እዚሁ ከተማ የተጣሉ እንስሳትን ከሚያነሱ በጎ ፈቃደኞች ጋር አገናኘችኝ። መጠለያቸው ሞልቷል፤ ሁልጊዜም ሙሉ ነው። «የድመት ዱቄት ወተቱና ሐኪሙ ከእኛ፣ ቤቱና እንቅልፉ ካንቺ» አሉኝ። ቤት እስኪገኝላቸው ድረስ ማቆየት ብቻ ነው የሚፈለግብኝ።

ከዚያ ወዲያ ትምህርት ቤት ገባሁ በሉት። የበረደው ግልገል ሳይሞቅ ወተት አይሰጠውም፣ ሆዱ አይፈጭለትምና። በጀርባው አይንጋለልም፤ ትን ይለዋል። ከጠጣ በኋላ እናቱ በምላሷ የምታደርገውን አንቺ ለብ ባለ ውሃ በተነከረ ጥጥ ታደርጊለታለሽ፤ አለዚያ መሽናት አይችልም። በየሦስት ሰዓቱ ጡጦ፣ በየቀኑ ሚዛን። በቀን አሥር ግራም ያህል ከጨመረ ደህና ነው፤ ካልጨመረ ሐኪም ይደወላል። ሌሊቱን ከባሌ ጋር ተካፈልነው። ቀን ካርቶኑን ወደምሠራበት የልብስ ስፌት ቤት፣ ወደ መሽገል፣ ይዤ እሄድና ከስፌት መኪናዬ ሥር አኖረዋለሁ። ሴቶቹ ቀሚስ ሊለኩ መጥተው ጎንበስ ብለው ይቀራሉ።

ይህን ሥራ እዚህ ሁሉም ፎስተር ይለዋል። እኔ ግን በእኛ ቋንቋ ምን እንደምለው ብዙ ቀን አስቤአለሁ። ማደጎ አይደለም፤ ማደጎ የራስ ማድረግ ነው። በመጨረሻ ያገኘሁት ቃል ድሮ የማውቀው ሆነ፦ አደራ። ዐረቦቹም አማና ይሉታል። አደራ ማለት በሙሉ ልብ ትይዥዋለሽ፣ ያንቺ ግን አይደለም። በአገራችን ከስድብ ሁሉ የሚከብደው «አደራ በላ» መሆኑ ያለ ነገር አይደለም።

ወሎ ሳለን መድረሳ ስለ ድመት የተማርነው አሁን ነው የገባኝ። ድመት አስራ በረሃብ የገደለችው ሴት ተቀጣች፤ ለተጠማ ውሻ በጫማው ውሃ ቀድቶ ያጠጣው ሰው ምሕረት አገኘ። አቡ ሁረይራ የሚለው ስም ራሱ «የድመቷ አባት» ማለት ነው። እንዲያም ሆኖ በዚህ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2008 የሃይማኖት ፖሊሱ ድመትና ውሻ መሸጥንም ይዞ መንሸራሸርንም ከልክሎ ነበር። ዛሬ ግን እንስሳን የሚያንገላታ በገንዘብ የሚቀጣበት ሕግ አለ። በየሰፈሩ የጆሮዋ ጫፍ የተቆረጠ ድመት ካያችሁ አትዘኑላት፤ እንዳትወልድ ሐኪም ዘንድ ተወስዳ ወደ ሰፈሯ የተመለሰች ናት።

ታዲያ የሚጣሉት ለምን በዙ? መንገድ ላይ የተወለዱትን ተዉአቸውና፣ ብዙዎቹ የሰው ቤት ድመቶች ናቸው። ሪያድ የመጣ ሁሉ የሚሄድባት ከተማ ናት። ኮንትራቱ ያልቃል፣ የመውጫ ቪዛው፣ ኹሩጁ፣ ይመታል፣ ሻንጣው ኪሎ ይሞላል፣ ድመቷ ደረጃ ላይ ትቀራለች። ይህን ስጽፍ የምፈርደው በሩቁ ነው እንዳትሉኝ፤ ድንገት መሄድ ምን እንደሆነ እዚሁ ሪያድ ማንፉሃ ሰፈር የኖርን ከቀደሙን ሰምተናል። ከእ.ኤ.አ. ኅዳር 2013ቱ የአፈሳ ግርግር ጀምሮ በጥቂት ወራት ወደ 160 ሺህ ወገኖቻችን ወደ አገር ሲመለሱ፣ ስንቱ ዕቃውን ለጎረቤት «አደራ» ብሎ ወጣ። ግማሹ ደረሰው፣ ግማሹ ተበላ።

ሌላም ቃል አለ ሲከነክነኝ የከረመ። ዐረብኛው ወላጅ የሌለውን ልጅ ወስዶ ማሳደግን ከፋላ ይለዋል። እኛን ከአሠሪ ጋር ያሰረንም ከፋላ ነው፤ ከፊል የምንለው ሰው ስሙን ያገኘው ከዚያው ነው። የእ.ኤ.አ. 2021 የሥራ ሕግ ማሻሻያ ለብዙ ሠራተኛ ገመዱን ሲያላላ የቤት ሠራተኞችን አልጨመረም። ቃሉ አንድ ነው፤ ልዩነቱ ከእጅሽ በታች ያለውን ለእሱ ብለሽ ነው የያዝሽው ወይስ ለራስሽ የሚለው ላይ ነው። እኔም ድመቷ ጭኔ ላይ ስትተኛ «ባልሰጣትስ?» ያልኩባቸው ሌሊቶች ነበሩ። ያኔ ራሴን የጠየቅሁት ይህንኑ ነው። እሷን ብይዛት ሃሪሱ ነገ ለሚያመጣው ካርቶን ቦታ የለኝም።

እናቴ በስልክ ስትሰማ መጀመሪያ ሳቀች። ቀጥላ ግን «አንቺ ልጅ፣ ሰው በተቸገረበት ዘመን ለድመት ሌሊት ትነሻለሽ?» አለችኝ። መልስ ነበረኝ፤ ወተቱ ከሌላ ነው፣ ከእኔ የወጣው እንቅልፍ ብቻ ነው፣ ወደ ቤት የምልከው አንድ ሪያል አልጎደለም። ግን አልመለስኩላትም። ምክንያቱም ልጄ ከኋላዋ ሲሯሯጥ ይሰማኝ ነበር።

ልጄን የሁለት ዓመት ሕፃን ሆኖ ነው ለእሷ ትቼው የመጣሁት። ዘንድሮ ዘጠኝ ሞላው። በሰፈራችን አያት ያሳደገችው ልጅ አያቱን «እማ» ብሎ ነው የሚያድገው፤ ማንም ነውር አይለውም። የእኔ ልጅም ሞክሯል። እናቴ ግን አንድ ቀን አልፈቀደችለትም። «እኔ አያትህ ነኝ፤ እማ ስልኩ ውስጥ ናት» ትለዋለች። ሰባት ዓመት ሙሉ፣ እያበላችው፣ እያጠበችው፣ ሲያመው አዝላው እያደረች፣ የእኔን ቦታ ባዶ አድርጋ ጠበቀችልኝ።

ትናንት ድመቷን የወሰዱት ሰዎች ልጃቸው በሩ ላይ «ስሟ ማነው?» ብላ ጠየቀችኝ። የክትባት ወረቀቱንና በየቀኑ የጻፍኩትን ኪሎ ሰጠኋት።

«ስም አላወጣሁላትም» አልኳት። «ያንቺ ነው፣ አንቺ አውጪላት።»